የእናቴ ጭቃ ቤት፦ ከጥር 2011 እስከ ኅዳር 2012 ዓ.ም. የተያዘ የሥራ ማስታወሻ

ጥር 14 ቀን 2011 ዓ.ም.

ከደብረ ማርቆስ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኘው የትውልድ መንደሬ ለእናቴ ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ለመሥራት ዛሬ ሥራ ጀመርን። የምትኖርበት ቤት አርጅቷል፤ በስተ ምዕራብ ያለው ግድግዳ በምስጥ ተበልቶ በድጋፍ እንጨት ነው የቆመው። ብሎኬት ይሻልሽ እንደሆነ ብጠይቃት፣ የአገራችን ብርድ ከብሎኬት ጋር እንደማይስማማ ነግራ ጭቃ መረጠች። ምርጫዋ ትክክል ይመስለኛል፤ ወፍራም የጭቃ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ይዞ ያመሻል።

ከመሥሪያ ቤቴ ያገኘሁት ፈቃድ አንድ ወር ነው። በዚህ ወር ውስጥ ቋሚው ቆሞ፣ ማገሩ ተመትቶ፣ ቆርቆሮው ለብሶ፣ ጭቃውም ተመርጎና ተለስኖ፣ እናቴ ሚያዝያ 20 የሚውለውን የዘንድሮ ፋሲካ በአዲሱ ቤት እንድታከብር ወስኛለሁ። የቤቱ ስፋት 6 በ5 ሜትር ሲሆን 64 ቋሚ የባሕር ዛፍ እንጨት ገዝቻለሁ። እንጨቱ የተቆረጠው ባለፈው ሳምንት ነው።

አያ ብለን የምንጠራቸው ሽማግሌ ጎረቤታችን በዚህ አካባቢ የቆሙትን አብዛኞቹን የጭቃ ቤቶች የሠሩ ባለሙያ ናቸው። የተከመረውን እንጨት ሲያዩ ምንም ሳይናገሩ አንዱን በመጥረቢያ ጀርባ መታ መታ አደረጉት። ድምፁ ታፍኖ ቀረ። ከዚያም በአውራ ጣታቸው ጥፍር ጫፉን ሲጫኑት እርጥበቱ ወጣ። «ይህ ገና ውኃ ነው፤ እንጨት አልሆነም» አሉኝ። ቢቆይ እንደሚሻል፣ ተልጦ ጥላ ሥር ለጥቂት ወራት መከመር እንደሚገባው አስረዱኝ። እኔም ያለኝ ጊዜ አንድ ወር ብቻ እንደሆነ መለስሁላቸው። ሌላ አልተናገሩም፤ ዶማቸውን አንሥተው ጉድጓድ መቆፈር ጀመሩ።

ጥር 17 ቀን

ቋሚዎቹ ሁሉ ቆመዋል። ጉድጓዱ 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አለው፤ ከመሬት በታች የሚቀረውን የእንጨቱን ክፍል ለምስጥ መከላከያ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀብተነዋል። የእንጨቱ ቅርፊት ያለ ምንም ችግር እንደ እጅጌ ተገፎ ወጣ። ይህን እንደ በጎ ምልክት አይቼው ነበር፤ አያ ግን ቅርፊቱ እንዲህ የሚላቀቀው ከሥሩ ያለው እንጨት በውኃ የተሞላ ስለሆነ ነው አሉ።

ጥር 22 ቀን

ማገሩ ተመትቶ አለቀ፤ ባለ 32 ጌጅ ቆርቆሮውም ለበሰ። ጣሪያው ከጭቃው የሚቀድመው ግድግዳውን ከዝናብም ከቀትር ፀሐይም እንዲጠብቅ ነው። ሥራው በፍጥነት በመሄዱ ልቤ ሞልቷል።

ጥር 29 ቀን

ዛሬ ምርጊት ጀመርን። ጭቃውን የረገጥነው ሦስት ቀን ብቻ ነው። አያ የሚመክሩት ቀይ አፈር ያለው ከመንደሩ በላይ ባለው ተረተር ላይ በመሆኑ በአህያ ማመላለስ አንድ ሳምንት ይወስድ ነበር። ስለዚህ ከቤቱ አጠገብ ካለው ማሳ ጥቁሩን መረሬ አፈር ቆፍረን አወጣን። ጭዱ ከሰሞኑ ከተወቃ ጤፍ የመጣ ነው፤ ገና የአውድማ ሽታው አልለቀቀውም። አያ ጭቃውን በእጃቸው ጨምቀው ሲለቁት ጭዱ ቀጥ ብሎ ተነሣ። «አልታረቁም» አሉ። ጭዱና አፈሩ ማለታቸው ነው።

የካቲት 5 ቀን

ምርጊቱ ካለቀ አራት ቀን ሆነው። ግድግዳው ላይ ስንጥቅ መታየት ጀምሯል። የሚያሳስበኝ የስንጥቁ ቦታ ነው፤ በየቋሚው ትክክል ከላይ እስከ ታች ወርዷል። አንድ ሰው ከውጭ ቆሞ ስንት ቋሚ እንዳለ በስንጥቁ ሊቆጥር ይችላል።

በቀረኝ አንድ ሳምንት ገደማ ልስኑን ለመጨረስ ግድግዳው በቶሎ መድረቅ ስላለበት ዛሬ ከሰዓት በኋላ በሁለቱም ክፍል ትላልቅ የከሰል ምድጃ አቀጣጥዬ መስኮቱንና በሩን በሸራ ጋረድሁ። አመሻሹ ላይ አያ በመንገድ ሲያልፉ ጢሱን አይተው ገቡ። ሸራውን በእጃቸው ገልጠው ጥለው፣ በተዘጋ ቤት የሚነድ ከሰል ሰው እንደሚገድል፣ በዚያ ቤት ውስጥ ማንም እንዳያድር አስጠነቀቁ። ከዚያ ቁጭ ብለው በጸጥታ «ልጄ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አሉኝ። ምድጃዎቹን ወደ ውጭ አወጣሁ። ይሁን እንጂ ግድግዳው እስከ ማታ ድረስ በደንብ ሞቆ ነበር።

የካቲት 7 ቀን

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከባድ ድምፅ ሰምተን ነቃን። በምሥራቅ በኩል ከመስኮቱ እስከ ማዕዘኑ ያለው ጭቃ አንድ ወጥ ሆኖ ከማገሩ ተላቅቆ ወደ ውስጥ ወድቋል። ጎሕ ሲቀድ የቀረውም ክፍል በእጅ ሲነካ እንደሚንቀሳቀስ አየን።

ከወደቀው ጭቃ አንዱን ቁራጭ ሰብሬ ለረጅም ጊዜ ተመለከትሁት። የውጭው ገጽ ሁለት ጣት ያህል ውፍረት ደርቆ እንደ ሸክላ ጠንክሯል፤ መካከሉ ግን እርጥብና ቀዝቃዛ ነው። በመካከሉ ያለው ጭድ ከአውድማ እንደመጣ ቢጫ ሆኖ ያብረቀርቃል። አንዱን ሰበዝ ስስበው ያለ ምንም ማስቸገር ተመዝዞ ወጣ፤ የነበረበትም ቦታ የለሰለሰ ቀጭን ቦይ ሆኖ ቀረ። ጭቃው ጭዱን አልያዘውም ነበር፤ ጎን ለጎን ተኝተው ነበር እንጂ።

እናቴ ሳትናገር በመጥረጊያዋ የተበተነውን ጠረገች። ይቅርታ ስጠይቃት ቀና ብላ አየችኝና «ለቤቱ መች ቸኮልሁ? የናፈቅሁት አንተን ነው» አለች። ይህን ቃል በማስታወሻዬ የማሰፍረው የሥራው ታሪክ አካል ስለሆነ ነው። ፋሲካን በአዲሱ ቤት የሚለውን ቀነ ገደብ ያወጣሁት እኔ ነበርሁ፤ እርሷ አልጠየቀችም። ለብዙ ዓመታት የራቅሁበትን ጊዜ በአንድ ወር ልክሳት ፈልጌ፣ ያንን ዕዳ በእንጨቱና በአፈሩ ላይ ጫንሁት።

የካቲት 8 ቀን

የዛሬውን ቀን ለሥራ ሳይሆን የወደቀውን ለመመርመር ሰጠነው። አያ ከአጠገቤ ተቀምጠው የተሳሳትንበትን አንድ በአንድ አሳዩኝ፤ እኔም ያነበብሁትን እየጨመርሁ ጻፍሁ።

መጀመሪያ እንጨቱ ነው። ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ ወደ አገራችን የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ቤት የሚሠራባቸው ጽድና ወይራ ለቋሚነት እስኪደርሱ ብዙ ዓመት ይፈጃሉ፤ ባሕር ዛፍ ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለቤት ይደርሳል። ያን ያህል ፈጥኖ ያደገ እንጨት ውስጡ በውኃ የተሞላና በውጥረት የተያዘ ነው። ውኃው ሲወጣ ግንዱ ይቀጥናል፣ ይሰነጠቃል፣ አንዳንዱም እንደ ገመድ ይጠመዘዛል። የእኛ ቋሚዎች ይህን ሁሉ ያደረጉት ጭቃ ለብሰው ነው። ግንዱ ሲቀጥን በእርሱና በጭቃው መካከል ክፍተት ተፈጠረ፤ የማገሩ ሚስማርም ላላ። ስንጥቁ ቋሚዎቹን እየተከተለ የወረደበት ምክንያት ይህ ነው።

ሁለተኛው አፈሩ ነው። መረሬ አፈር ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ደግሞ ይኮማተራል። በበጋ በእርሻው መካከል የሰው እግር የሚያስገባ ስንጥቅ የሚከፍተው አፈር እርሱ ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ በዚያ ስንጥቅ ላይ እየዘለልሁ ከብት ጠብቄአለሁ። መሬቱ በየዓመቱ በዐይኔ ፊት ሲያደርገው የኖረውን ነገር ግድግዳዬ ላይ አያደርግም ብዬ ማሰቤ እስከ አሁን ያሳዝነኛል።

ሦስተኛው፣ ለእኔ አዲስ የሆነብኝም፣ የጭድና የአፈር መታረቅ ነው። ጭቃ ከጭድ ጋር ተረግጦ እርጥብ እንደሆነ ለሳምንታት ሲቀመጥ ጭዱ በውስጡ መብላላት ይጀምራል። አየር በማያገኝበት እርጥበት ውስጥ ጥቃቅን ተሕዋስያን ለስላሳውን የጭድ ክፍል እየሰበሩ የሚያጣብቅ ነገር ያወጣሉ፤ ይህም በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ገብቶ ያያይዛቸዋል። በዚሁ ጊዜ ውኃው የአፈሩን ጓል ሁሉ እስከ ውስጡ ድረስ ዘልቆ ያለሰልሰዋል። ጭቃው ይጠቁራል፣ ይሸታል፣ በእጅ ሲያዝ እንደ ሊጥ ይሳባል። ሲደርቅ ሽታው ይጠፋል። በእግር ብንረግጠው፣ በአካፋ ብናገላብጠው፣ ሠራተኛ ብንጨምርበት፣ ይህ የሚሆነው በቀናት ቁጥር እንጂ በጉልበት አይደለም።

እሳቱም ጥፋቱን አፋጠነው። ጭቃ በደኅና የሚደርቀው ከውስጡ ያለው እርጥበት ወደ ገጹ እየመጣ ሲተን ነው፤ ገጹ ከውስጡ ቀድሞ ከደረቀ ግን ውጭው ሊኮማተር ሲሞክር እርጥቡ ውስጥ ስለማይከተለው ገጹ ይሰነጠቃል፣ ቅርፊት ሆኖም ይላቀቃል።

እስከ ዛሬ ድረስ መጠበቅ ማለት ሥራ መፍታት ይመስለኝ ነበር። አያ የሚጠብቁት ግን በዚያ ጊዜ ውስጥ ምን እንደሚሆን ስለሚያውቁ ነው።

የካቲት 11 ቀን

በአያ መሪነት እንደገና ጀመርን። የቀረውን ጭቃ በሙሉ ከማገሩ ላይ አራግፈን ወደ መጣበት ማሳ መለስነው። ከተረተሩ ቀይ አፈር ማመላለስ ጀምረናል። ከቤቱ ጀርባ ስፋቱ 3 በ3 ሜትር፣ ጥልቀቱ 80 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ቆፍረናል፤ ለግድግዳው የሚያስፈልገው ወደ 7 ሜትር ኩብ የሚጠጋ ጭቃ በአንድ ጊዜ የሚቀመጠው በዚህ ውስጥ ነው። ጭዱ ተከትፎ ከአፈሩ ጋር በየተራ ይነጠፋል፣ ውኃ ይጠጣል፣ ይረገጣል፣ ላዩ በጭድ ይሸፈናል። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ይገላበጣል፤ ውኃም ይጨመርበታል።

የአፈሩን ዓይነት ለማየት አንድ እፍኝ ቀይ አፈር በጠርሙስ ውኃ ውስጥ በጥብጬ አስቀመጥሁ። አሸዋው ወዲያውኑ ወረደ፤ ደቃቁ አፈር በሰዓታት ውስጥ በላዩ ተነጠፈ፤ ሸክላው ግን እስከ ማግሥቱ ድረስ ውኃውን አደፍርሶ ቆየ። አሸዋው ከግማሽ በላይ ነው፤ ለምርጊት መልካም መጠን ነው።

ከጉድጓዱ ከተረገጠው ትኩስ ጭቃ ወስጄ ርዝመቱ 30 ሳንቲ ሜትር በሆነ የእንጨት ቅርጽ አንድ ጡብ መታሁና ጥላ ሥር አኖርሁት። ጭቃው ሲቆይ ሌላ እመታለሁ። እንዲሁም በአንዱ ቋሚ ላይ፣ በደረት ቁመት፣ ነጭ ክር አጥብቄ አሰርሁ። የክሩን ሐሳብ የሰጡኝ አያ ናቸው። ግድግዳ የሌለው ቤት በቆርቆሮው ጥላ ሥር ነፋስ ይምታው፤ አጥንቱ ይድረቅ አሉ።

የካቲት 13 ቀን

ፈቃዴ አልቋል። ጉድጓዱን ለእናቴና ለአያ አደራ ሰጥቼ ወደ አዲስ አበባ ተመለስሁ። በአውቶቡሱ ውስጥ የዓባይን በረሃ ስንወርድ ያልጨረስሁት ሥራ ከኋላዬ ሲቀር እንደ ሽንፈት ተሰምቶኝ ነበር።

መጋቢት 14 ቀን

ቅዳሜ ደረስሁ። መጀመሪያ የሄድሁት ወደ ክሩ ነው። ክሩ ከታሰረበት ቦታ የለም፤ ወርዶ ከታች ባለው ማገር ላይ አርፏል። እኔ አጥብቄ ያሰርሁት ክር በአንድ ወር ውስጥ በቋሚው ላይ በራሱ የሚንሸራተት ቀለበት ሆኗል። በሜትር ስለካው የቋሚው ዙሪያ ከ25 ወደ 24 ሳንቲ ሜትር ገደማ ወርዷል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ሆኖም በ64 ቋሚ ላይ ሲባዛ ያን ግድግዳ ምን እንደ ጣለው በዐይኔ አየሁ።

አራት ቋሚዎች ተጠማዝዘዋል፤ ነቅለን በደረቁ ተካናቸው። የማገሩን ሚስማር በሙሉ እንደገና መታን። ቀኑን ሙሉ የወሰደው ይህ ሥራ ጭቃው ተመርጎ ቢሆን ኖሮ ሊሠራ የማይችል ነበር።

የጉድጓዱን ክዳን ስገልጥ ሽታው እስከ መንገድ ደረሰ። ጭቃው ከቀይነት ወደ ጥቁር ቡናማነት ተለውጧል። እናቴ በየሳምንቱ የጎረቤት ልጆችን ሰብስባ ታስረግጠው ኖራለች፤ የዐቢይ ጾም ከገባ ጀምሮም ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ አንድ እንስራ ውኃ ሳትጨምር አታልፍም ነበር። እጄን አስገብቼ አንድ እፍኝ አወጣሁ። ጭዱን ለመለየት ሞከርሁ፤ ሰበዙ አልተመዘዘም፤ በጭቃው ውስጥ ለስልሶ በጣቶቼ መካከል ተቆረጠ። ከደረት ከፍታ የጣልሁት ድቡልቡል ጭቃ መሬት ላይ ጠፍጠፍ አለ እንጂ አልተሰነጠቀም።

በየካቲት የመታሁት የትኩስ ጭቃ ጡብ ደርቆ 28 ሳንቲ ሜትር ከግማሽ ሆኗል፤ በመካከሉም ሁለት ስንጥቅ አለ። ዛሬ ከዚሁ ጉድጓድ፣ በዚያው ቅርጽ፣ ሌላ ጡብ መታሁ።

ምርጊቱን ነገ እንጀምር ብዬ ነበር። አያ ቋሚዎቹን አንድ በአንድ በመጥረቢያው ጀርባ መቱ። ብዙዎቹ ጠራ ያለ ድምፅ ሰጡ፤ በሰሜን በኩል ያሉት ግን ገና ናቸው። ከፋሲካ በኋላ ይሁን አሉ። ፋሲካን በአዲሱ ቤት የሚለው ሐሳብ በዚህ ቀረ፤ እናቴም እኔም ስለ እርሱ አልተነጋገርንም።

ሚያዝያ 21 ቀን

ፋሲካን በአሮጌው ቤት ዋልን። ዶሮው የተሠራው፣ ዳቦው የተቆረሰው፣ ጎረቤት የተሰበሰበው በዚያው በድጋፍ በቆመው ግድግዳ ሥር ነው። የጎደለ ነገር አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ልጆች ግድግዳ በሌለው አዲስ ቤት ውስጥ በቋሚዎቹ መካከል እየተሽሎኮለኩ ሲጫወቱ ዋሉ።

በመጋቢት የመታሁትን ጡብ ለካሁት፤ 29 ሳንቲ ሜትር ከሚበልጥ ርዝመት ላይ ቆሟል፤ ስንጥቅ የለበትም። ጠርዙን በጥፍሬ ብፍቀውም አልፈረፈረም። ሁለቱን ጡቦች ጎን ለጎን አስቀምጬ ለአያ አሳየኋቸው። እርሳቸው ይህን ለማወቅ ጡብ አያስፈልጋቸውም፤ ቢሆንም ሁለተኛውን አንሥተው በጆሮአቸው አጠገብ በጣታቸው አንኳኩ፤ ደስ እንዳላቸው ከፊታቸው አየሁ።

ግንቦት 2 ቀን

የልደታ ማግሥት ደቦ ጠራን። ጎረቤቶቻችን ማረሻቸውን ለአንድ ቀን አሳርፈው 19 ሰዎች መጡ። እናቴ ጠላውን ከሳምንት በፊት ጠንስሳ ነበር። ጭቃው ከገባ 80 ቀን አልፎታል።

ምርጊት ሲመረግ ሁለት ሰው ከውስጥና ከውጭ ፊት ለፊት ይቆማል፤ አንዱ ከውጭ በሚገፋው ጭቃ ላይ ሌላው ከውስጥ የራሱን ይደርባል፤ ሁለቱም በማገሩ መካከል ተገናኝተው አንድ ይሆናሉ። በጥር ወር ስንሠራ ጭቃው ከእጅ እየወረደ መሬት ላይ ይቀር ነበር። ዛሬ ግን በተጣለበት ይቀራል፤ እጅ ሲነሣ ተከትሎ ይሳብና ተቆርጦ ይለቃል። ከውስጥ በኩል የቆምሁት እኔ ነበርሁ፤ ከውጭ ደግሞ አያ። የጭቃው ክፍተት እስኪደፈን ድረስ በማገሩ መካከል ፊታቸው ይታየኝ ነበር፤ የመጨረሻዋን ቀዳዳ ሲደፍኗት «በርታ» ብለው ሳቁ።

አመሻሹ ላይ ግድግዳው ሁሉ አለቀ። ማንም እሳት አላነደደም። በሩና መስኮቱ ክፍት ሆነው ነፋስ እንዲያልፍ ተዉት፤ ፀሐይ በቀጥታ በሚያገኘው በምዕራቡ ግድግዳ ላይ ግን ቀስ ብሎ እንዲደርቅ አሮጌ ጆንያ አንጠለጠሉበት።

ሰኔ 8 ቀን

ክረምቱ ሊገባ ነው። ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር ደርቋል። ስንጥቅ አለ፤ ግን እንደ ፀጉር የቀጠነና እዚህም እዚያም የተበተነ ነው፤ ቋሚዎቹን የተከተለ አንድም የለም። ሻካራው ገጽ ልስኑን እንዲይዝ ስለሚረዳ ይህ ስንጥቅ ይፈለጋል ማለት ይቻላል።

ልስኑን ከዝናቡ በፊት ለመጨረስ አሥር ቀን ያህል ጊዜ ነበረን፤ እጄም ለመጀመር ጓጉቶ ነበር፤ አልደብቅም። ሆኖም አያን አማክሬ ተውሁት። ልስን ቀጭን ነው፤ ከሥሩ ያለው ምርጊት ከክረምቱ እርጥበት ጋር ገና ይንቀሳቀሳል፤ አንድ ክረምት አሳልፎ ከረጋ በኋላ የሚገባው ልስን ዕድሜ አለው። በዚህ ጊዜ ውሳኔውን የወሰንሁት እኔ ነኝ፤ አያ አልተከራከሩኝም። የቆርቆሮው ክፈፍ ዝናቡን ከግድግዳው እንዲያርቅ በ20 ሳንቲ ሜትር አስረዘምነው፤ በቤቱ ዙሪያም የውኃ መውረጃ ቦይ ቆፈርን።

ጥቅምት 6 ቀን 2012 ዓ.ም.

ክረምቱ አልፏል። በሰሜኑ ማዕዘን ከታች በኩል ዝናብ ረጭቶ ያሳሳው አንድ ክንድ ያህል ቦታ አለ፤ ከጉድጓዱ ጭቃ ወስደን ደፈንነው። ሌላው ግድግዳ እንዳለ ነው።

የልስኑ ጭቃ የተለየ ዝግጅት ይፈልጋል። ቀዩን አፈር በወንፊት ነፋንና በጣም ደቃቅ ጭድ፣ አዲስ እበትና የተነፋ አመድ ቀላቀልንበት። ይህንንም አያ ለሁለት ሳምንት አብላልተው አቆይተውኛል። እበቱ በውስጡ ባለው የተፈጨ ሣር ምክንያት ልስኑን ያጠነክረዋል፤ አመዱ ደግሞ ገጹን ያጠራዋል።

ግድግዳውን በመጥረጊያ ውኃ ረጨንበት፤ ደረቅ ምርጊት የልስኑን ውኃ በአንድ ጊዜ ጠጥቶ እንዳያራግፈው ነው። ከዚያ እናቴ ራሷ መጣች። ለዓመታት ምጣድ ያሰሰው መዳፏ ከእኛ ከሁላችን መዳፍ የተሻለ ይለሰን ነበር። ከግራ ወደ ቀኝ በግማሽ ክብ እየጠረገች፣ እጇን በውኃ እየነከረች፣ አንድ ጊዜ ያለፈችበትን ሳትመለስበት ሄደች። እኔ በአጠገቧ ስሞክር ደጋግሜ እመለስበት ነበር፤ በተመለስሁ ቁጥር እርጥቡ ገጽ ይሻክራል። «ተወው፤ እሱ ራሱ ይለሰልሳል» አለችኝ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ልስኑ ትንሽ ሲጠጥር በለስላሳ የወንዝ ድንጋይ አሸችው፤ እኔ ያበላሸሁትም ክፍል ያኔ ተስተካከለ።

ጥቅምት 8 ቀን

ልስኑ በሁለቱም ክፍል አለቀ። ጆንያዎቹን በምዕራቡ ግድግዳ ላይ መልሰን ሰቀልን።

ኅዳር 12 ቀን

ዛሬ የኅዳር ሚካኤል ነው፤ እናቴ ወደ አዲሱ ቤት የገባችበትን ቀን ራሷ መርጣዋለች። ግድግዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጄ ዳሰስሁት፤ ከሥር የተሰወረ ባዶ ቦታ ካለ የሚሰጠውን ድምፅ ለመስማት በየቦታው አንኳኳሁ፤ አላገኘሁም። ሌሊቱ ውርጭ ነበር፤ ማለዳ ስገባ ግን ቤቱ ውስጥ ሙቀት ነበር።

ወለሉ ገና ነው። እናቴ የመጀመሪያውን የእበት ልቅለቃ ባለፈው ሳምንት አድርጋለች፤ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ሁለተኛውን እንደማትጀምር ነግራኛለች፤ ሦስተኛው ለገና ይደርሳል። እስከዚያ አልጋዋ በአንዱ ጥግ በቆርበት ላይ ተዘርግቷል። አያ ጠዋት መጥተው ቡና ጠጡ፤ ከመቀመጣቸው በፊት በምሥራቅ በኩል ያለውን፣ ባለፈው ዓመት የወደቀውን ግድግዳ፣ በመዳፋቸው አንድ ጊዜ መታ አደረጉ።

ጉድጓዱ አልተደፈነም። ከታች ጥቂት ጭቃ ቀርቷል፤ በየዓመቱ ከክረምት በኋላ ለሚደረገው ጥገና ይቀመጣል፤ በቆየ ቁጥር ይሻላል። ከመሄዴ በፊት ሁለት ጀሪካን ውኃ ጨምሬበት በጭድ ሸፈንሁት።